ፊርማ፣ ማኅተም፣ ገቢ ቁጥር

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ አቤቱታ እንነጋገራለን። ሕዝብ አንድ ነገር እንዲሠራለት፣ እንዲስተካከልለት ወይም እንዲቀርለት ሲፈልግ ለመንግሥት አካል በጽሑፍ ስለሚያቀርበው ጥያቄ ማለት ነው።

በመጀመሪያ አንድ ማመልከቻ ላንብብላችሁ። ለዚህ ዝግጅት ስል እኔው የጻፍኩት ነው፤ ወንድሞቹን ግን በየመዝገብ ቤቱ ታገኟቸዋላችሁ።

«ለክቡር ጠቅላይ ሚኒስትር። ክቡር ሆይ፣ እኛ ምስኪን የቀበሌው ነዋሪዎች በውሃ ጥም አልቀን፣ አባት እንደሌለው ልጅ ተረስተን እንገኛለን። መብራት የለም፣ መንገድ የለም፣ ወጣቱ ሥራ አጥቶ ተበትኗል። የወረዳው አስተዳደር ከላይ እስከ ታች በሙስና ተዘፍቋል። ስለዚህ የሚመለከተው አካል አስፈላጊውን መፍትሔ እንዲሰጠን ከእግርዎ ሥር ወድቀን በእንባ እንለምናለን። የአካባቢው ሕዝብ።»

ልብ ይነካል፤ ጸሐፊዎቹ የሚሉት ሁሉ እውነት ሊሆንም ይችላል። ነገር ግን ይህን ወረቀት የሚቀበለውን የቢሮ ሠራተኛ ቦታ ያዙና አስቡት። ምን ያድርገው? ማን እንደጻፈው አይታወቅም። ቀን የለውም። ውሃ ነው የተጠየቀው ወይስ መንገድ፣ ሥራ ነው ወይስ ሹም ሽር? «የሚመለከተው አካል» የተባለውስ ማን ነው? ሠራተኛው ማድረግ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠርዙ ላይ «ለክልሉ ይመራ» ብሎ መጻፍ። ክልሉ ለዞን ይመራዋል፣ ዞኑ ለወረዳ። ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ደብዳቤው ዞሮ ዞሮ «በሙስና ተዘፍቋል» የተባለው አስተዳዳሪ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እናንተው ታውቁታላችሁ።

እንዲህ ዓይነቱን አጻጻፍ የወረስነው ከሩቅ ነው። በአገራችን ለረጅም ዘመን አቤት የሚባለው ወደ ላይ፣ ወደ አንድ ሰው ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ተወላጆች ሕጉን ተከትለው ለመንግሥት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችሉ ጽፏል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ደግሞ ማንም ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ደነገገ። በወረቀት መብት ነው፤ መድረሻው ግን ዙፋኑ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በመኪና ሲያልፉ መንገድ ዳር ቆሞ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ «ጃንሆይ!» እያለ የሚጮኸው ሰው፣ በዙፋን ችሎት ፊት ለመቆም ወራት ደጅ የሚጠናው ባላገር የዚያ ሥርዓት ልጆች ናቸው። አንዳንዱ ተሳክቶለት መሬቱ ተመልሶለታል፣ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶለታል። ቢሆንም ያገኘው በችሮታ ነው። ነገ ጎረቤቱ በተመሳሳይ ችግር ቢመጣ እንደገና መንገድ ዳር ቆሞ መጮህ ነበረበት።

በዚያ ሥርዓት አንድ ሰው ብቻውን ሲያለቅስ የሚያስፈራው ነገር አልነበረም። ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲጠይቅ ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። ጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈሩ ተራ ወታደሮች የጠየቁት ትልቅ ነገር አልነበረም፤ የሚበላ ምግብና የሚጠጣ ውሃ ነው። የእነሱ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከልክለው ነበር። አዛዦቻቸውን ያዙ፤ ብሶታቸውንም ለንጉሠ ነገሥቱ አሳወቁ። ጉዳዩን እንዲያጣሩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ከዚያ በኋላ መስከረም እስኪጠባ አገሪቱ ስትናጥ ከረመች፤ አዲሱ ዓመት በገባ በሁለተኛው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። አብዮቱን የአንድ ጉድጓድ ጉዳይ አመጣው ማለቴ አይደለም፤ መሬቱ፣ የወሎ ረሃብ፣ የነዳጅ ዋጋ፣ የመምህራኑ ጥያቄ ሁሉ ነበረበት። ግን በወቅቱ በተራ ደብዳቤ ሊያልቅ ይችል የነበረ የውሃ ጥያቄ ሰሚ ሲያጣ የት እንደሚደርስ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ 12 ቀን በአዲስ አበባ የሆነው ደግሞ ለእኛ ርዕስ የተሻለ ትምህርት አለው። ሙስሊሞች፣ ክርስቲያኖችም ተቀላቅለዋቸው፣ በከተማዋ ታሪክ እስከዚያ ያልታየ ሰልፍ ወጡ። ለጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን መንግሥት ያቀረቡት ግን ጩኸት ብቻ አልነበረም፤ በቁጥር የተለዩ 13 ጥያቄዎችን በጽሑፍ ሰጡ። የሃይማኖት በዓሎቻቸው በመንግሥት ይታወቁ የሚለው አንዱ ነበር። የእንዳልካቸው ካቢኔ ዕድሜው አጭር ነበርና አልመለሰላቸውም፤ ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ግን ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። ጥያቄው በቁጥርና በግልጽ ተጽፎ ስለነበር መንግሥት ቢለወጥም አልጠፋም። ተከታዩ አካል አንስቶ ሊመልሰው ቻለ።

አሁን በሥራ ላይ ያለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አቤቱታን ያስቀመጠው አንቀጽ 30 ላይ ነው። ያለቦታው አልገባም። ያው አንቀጽ ስለ መሰብሰብና ስለ ሰላማዊ ሰልፍ የሚናገረው ነው፤ ማንኛውም ሰው ከሌሎች ጋር ሆኖ፣ መሣሪያ ሳይዝ፣ በሰላም ይሰበሰባል፣ ሰልፍ ይወጣል፣ አቤቱታም ያቀርባል ይላል። አቤቱታው ከዙፋኑ ሥር ወጥቶ ከጎረቤት ጋር የሚደረግ ሥራ ሆነ ማለት ነው። አንቀጽ 43 ደግሞ ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሰዎች ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይጨምራል። በሰፈራችሁ መንገድ ሲቀየስ፣ ገበያ ሲነሳ፣ ፋብሪካ ሲተከል «እኛም እንጠየቅ» ብላችሁ ብትጽፉ የምትጠቅሱት ይህንን ነው።

በነገራችን ላይ ሰልፍን በሚመለከት ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በ1983 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ሰልፍ የሚያዘጋጅ ወገን ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ነው የሚያዘው። ፈቃድ እንዲለምን አይልም። በተግባር ግን «ፈቃድ አላችሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ስንት ሰልፍ እንዳስቀረ የምታውቁት ነው።

እስካሁን የተናገርኩት መብቱ መኖሩን ነው። መብት መኖሩ ብቻውን መልስ አያስገኝም። ከዚህ በኋላ የምናገረው ዛሬ ይዤው የመጣሁትን ዋና ሐሳብ ነው፤ ጠንካራ አቤቱታ የሚጀምረው ባለሥልጣኑ ራሱ ከፈረመበት ቃል ነው። ሕገ መንግሥት ይሁን፣ አዋጅ ይሁን፣ ውል ይሁን፣ የጸደቀ ዕቅድ ይሁን፣ የባለሙያ ሪፖርት ይሁን፣ «እናንተው ያላችሁት ይኸውና፣ የተሠራው ደግሞ ይኸውና» ብሎ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ወረቀት በቀላሉ ወደ ታች አይመራም።

ለዚህ በአገር ደረጃ ሰፋ አድርጌ ላነሳው የምፈልገው ምሳሌ የቤተሰብ ሕጉ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ ነበር። ሚስት እንድትታዘዘው፣ የት እንደሚኖሩም እሱ እንዲወስን ደንግጎ ነበር። ወንድ በ18 ዓመቱ፣ ሴት ልጅ ግን በ15 ዓመቷ ማግባት ትችላለች ይል ነበር። ባልና ሚስት ሲጣሉና ፍቺ ሲፈልጉ ደግሞ ጉዳዩ መጀመሪያ የሚሄደው ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። ስንቷ ሴት ናት በዚያ ሽምግልና ዓመት ከዓመት የተመላለሰችው!

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 እና 35 ሴቶች በጋብቻ ውስጥም ሆነ ከጋብቻ ውጭ ከወንዶች እኩል መሆናቸውን ሲደነግግ በአንድ አገር ውስጥ ሁለት የሚጣረሱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ቆሙ። በዚያው ጊዜ ግድም የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ ከመሥራቾቹ መካከል ኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት መዓዛ አሸናፊ ይገኙበታል፣ ሥራውን የጀመረው ከዚህ ስንጥቅ ነው። ማኅበሩ አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጥ ነበር። በየቀኑ በሩን የምታንኳኳው ሴት ታሪኳን ይዛ ትመጣለች፤ ማኅበሩ ይመዘግባል፣ ይደምራል፣ ያጠናል። የአንዲት ሴት እንባ የነበረው ነገር ማስረጃ እየሆነ ሄደ። ከዚያ ለሕግ አውጪዎች «ይህ የቤተሰብ ሕግ እናንተ ካጸደቃችሁት ሕገ መንግሥት ጋር ይጋጫልና አሻሽሉት» የሚል ጥያቄ ይዞ ቀረበ። ውይይት ተደረገ፣ ክርክር ተካሄደ። በሃይማኖትም በባህልም ስም ብዙ ተቃውሞ ተሰማ።

በሰኔ ወር 1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ጸደቀ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። ባል የቤተሰብ ራስ ነው የሚለው ቀርቶ ባልና ሚስት ቤተሰቡን በጋራ እንዲመሩ ተደረገ። ፍቺ የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሄደ። የቤተሰብ ሕግ የክልሎች ጉዳይ ስለሆነ ደግሞ ያንኑ ጥያቄ በየክልሉ ምክር ቤት ማንሳት አስፈለገ፤ ለምሳሌ የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ ያወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ሴት ልጅን ጠልፎ የደፈረ ሰው ካገባት ከቅጣት እንዲያመልጥ የሚፈቅደው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ግንቦት 1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ተተካ፤ ማምለጫውም ተዘጋ።

ይህ ሁሉ በነፃ አልመጣም። በ1993 ዓ.ም. ማኅበሩ በሴቶች ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት የሚቃወም ሰልፍ አስተባብሮ ሴቶች ምክር ቤቱ ድረስ ሄደዋል። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ የፍትሕ ሚኒስቴር ማኅበሩን አገደው፤ እገዳው የተነሳው በ1994 መጀመሪያ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ደግሞ ከገቢያቸው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ጉዳይ ላይ እንዳይሠሩ ከለከለ። ሕግን በሕግ ቋንቋ የጠየቀው ማኅበር ለዓመታት አቅም አጣ። ያ አዋጅ የተሻረው በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ከዚህ ታሪክ የሚደንቀው ድሉ ብቻ አይደለም። ሰዎቹ በተገፉ ጊዜም መዝገባቸውን ይዘው ነው የቆዩት፤ ሕጉ ከእነሱ መታገድ በኋላም ሕግ ሆኖ ቀጠለ።

ሌላው ምሳሌ አጭር ነው። የአክሱም ሐውልት በ1929 ዓ.ም. በፋሺስት ጣሊያን ተወሰደ፤ ከዚያም ሮም ተተከለ። በፈረንጆች 1947 በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ቃል ገባች፤ ሐውልቱ ግን እዚያው ቀረ። ለማስመለስ የተነሱት ኢትዮጵያውያንና ከእነሱ ጋር የቆሙት እንደ ታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ያሉ ሰዎች ደብዳቤ ሲጽፉ፣ ፊርማ ሲያሰባስቡ የተደገፉት ያ የጣሊያን ፊርማ ያለበት ወረቀት ላይ ነው። ሐውልቱ በሚያዝያ 1997 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም ገባ፤ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ቆመ። የ18 ወሩ ቃል ከ57 ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው። አቤቱታ ትዕግሥት ይጠይቃል ሲባል አንዳንዴ የትውልድ ትዕግሥት ነው።

እሺ፣ ከአክሱም ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ውሃ የተቸገረው ያ ቀበሌ ማመልከቻውን እንደገና ቢጽፍ ምን ሊመስል ይችላል? ይህም የምሳሌ ነው፤ ቀኖቹንና ቁጥሮቹን በራሳችሁ ተኩ።

«ለወረዳው ውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ የተቃጠለ የጉድጓድ ሞተር እንዲቀየርልን ስለመጠየቅ። የቀበሌያችን የጥልቅ ጉድጓድ ሞተር ከመስከረም 20 ቀን ጀምሮ አይሠራም። በጉድጓዱ 340 አባወራዎች ይጠቀሙ ነበር። የውሃ ኮሚቴያችን ጥቅምት 5 ቀን በደብዳቤ አሳውቆ፣ የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ጥቅምት 19 ቀን ቦታው ድረስ መጥተው ሞተሩ መቀየር እንዳለበት በሪፖርት አረጋግጠዋል። የወረዳው ምክር ቤት ባጸደቀው የዘንድሮ ዕቅድ ለውሃ ተቋማት ጥገና በጀት ተይዟል። ስለዚህ ሞተሩ የሚቀየርበትን ቀን በጽሑፍ እንድታሳውቁን እንጠይቃለን። አባሪ፦ የኮሚቴው ደብዳቤና የባለሙያው ሪፖርት ቅጂ፣ የነዋሪዎች ስምና ፊርማ። ግልባጭ፦ ለወረዳው አስተዳዳሪ ጽሕፈት ቤት፣ ለወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ።»

እንባ የለበትም፤ ስድብም የለበትም። የተጠየቀው አንድ ነገር ነው። በጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ እጅ ያለ ነገር ነው። መንገዱንና የወጣቱን ሥራ ለብቻ፣ ለሌላ ቢሮ ይጽፉታል። «ሙስና» የሚለው ቃልም ወጥቷል፤ ማስረጃ ካላችሁ ለፀረ ሙስና ኮሚሽን ወይም ለፖሊስ የምታቀርቡት ጥቆማ ነው እንጂ ለሞተር ጥያቄ ማጣፈጫ አይደለም። ያለማስረጃ ከጻፋችሁት ግን ኃላፊው ስለ ሞተሩ መመለሱን ትቶ ስለ ስሙ መሟገት ይጀምራል።

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ነገሩ የማን እንደሆነ ማወቅ ነው። ዋና የአገር አቋራጭ መንገድ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው፤ የወረዳ መጋቢ መንገድ ግን የክልሉና የወረዳው ነው። የአንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጉዳይ ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ለክልል ትምህርት ቢሮ ይቀርባል፤ የዩኒቨርሲቲ ለትምህርት ሚኒስቴር። በአዲስ አበባ የውሃና የፍሳሽ ነገር የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ጋ ነው የሚጀምረው። የስልክና የኢንተርኔት ቅሬታ መጀመሪያ ለአገልግሎት ሰጪው፣ ካልሆነ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን። ይህን ለማወቅ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ለቢሮ መጠየቅ ይበቃል፤ ለስድስት ወር ደብዳቤ ከመከተል ያድናል።

ሁለተኛው የጊዜ ነገር ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ጥገና በማንኛውም ጊዜ ይጠየቃል። አዲስ ጉድጓድ፣ አዲስ የመማሪያ ክፍል፣ አዲስ ድልድይ ግን ዕቅድ ውስጥ መግባት አለበት፤ ዕቅዱ የሚዘጋጀው ደግሞ ሐምሌ ሳይደርስ በበጋው ነው። በጀቱ ከጸደቀ በኋላ ነሐሴ ላይ የምትሄዱ ከሆነ «በጀት አልተያዘለትም» የሚለው መልስ ውሸት አይደለም። ሰኔ ላይ ደግሞ ሌላ ትዕይንት አለ፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆን በየቢሮው የግዢ ሩጫ ነው። በዚያ ሰሞን የሞተር ጥያቄያችሁ ከነማስረጃው ጠረጴዛው ላይ ቢገኝ ከአዲስ ወንበር ግዢ ቀድሞ ሊታይ ይችላል። ማን ያውቃል!

ከዚያ ፊርማ አለ። ስም፣ የቤት ቁጥር ወይም ጎጥ፣ ፊርማ፤ መፈረም ለማይችል የጣት አሻራ። አንድ ሰው የአሥር ሰው ስም በአንድ እጅ ጽሕፈት ሞልቶ ቢገኝ እውነተኞቹም ፊርማዎች ይጠረጠራሉ። መቶ እውነተኛ ፊርማ ከሺህ የተቀባባ ይሻላል። ፊርማ ለማሰባሰብ ደግሞ እንደ እድር የሚመች ቦታ የለም፤ አባላቱ ይተዋወቃሉ፣ ጸሐፊ አለው፣ ዳኛ አለው፣ የስም ዝርዝሩ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል።

«መጀመሪያ የፈረመ መጀመሪያ ይታያል» የሚል ፍርሃት እንዳለ አውቃለሁ። ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም። በ2004 ዓ.ም. የሙስሊሞች መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ሦስት ጥያቄ ይዘው ከፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስቴር ጋር ሲነጋገሩ ቆይተው በዚያው ዓመት ሐምሌ ታሰሩ፤ በ2007 በሽብር ሕጉ እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። በኋላ በተለያየ ጊዜ ተፈቱ፤ ከጠየቁት መካከል የነበረው የመጅሊስ፣ ማለትም የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት፣ ጉዳይም እንደገና ተነስቶ መጅሊሱ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። እንዲህ ያለውን ታሪክ ደብቄ «አትፍሩ» ብላችሁ አታምኑኝም። የማውቀው መከላከያ ግልጽነት ነው። ስብሰባው በጠራራ ቀን በእድር አዳራሽ ይሁን። ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ሦስት ወይም አምስት ተወካይ ይመረጥ፣ ከመካከላቸው ሴቶች ይኑሩ፤ ውሃ የምትቀዳው ማን እንደሆነች እናውቃለንና። ሁሉም በአንድ ቀን ይፈርም።

ተወካዮቹ ደብዳቤውን ሲያስገቡ ሁለት ቅጂ ይያዙ። አንዱን መዝገብ ቤት ይቀበላል፤ በሌላው ላይ ገቢ የሆነበትን ቀንና ቁጥር ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ ይመልስላቸዋል። «ማኅተሙ የለም፣ ነገ ኑ» ከተባሉ ነገ ይሂዱ። ያለ ገቢ ቁጥር ኃላፊው እጅ የገባ ደብዳቤ፣ ኃላፊው ሲዘዋወር አብሮት ይዘዋወራል። በቃል የተሰጠ ተስፋም እንዲሁ ነው። «በቀጣዩ ሳምንት እንልካለን» ከተባላችሁ «ጥር 14 ቀን በተነጋገርነው መሠረት» ብላችሁ በማግስቱ አጭር ደብዳቤ ጻፉና እሱንም ገቢ አስደርጉ።

የምትፈልጉት ማስረጃ በእነሱ እጅ ከሆነስ? በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። በሕግ ከተጠበቁት ምስጢሮች ውጭ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ከከለከለም ምክንያቱን መናገር አለበት። የዓመቱ የጥገና በጀት ስንት ነው፣ የትኛው ጉድጓድ ላይ ዋለ ብላችሁ መጠየቅ ከብሔራዊ ምስጢር ጋር አይገናኝም። ከተከለከላችሁ ጉዳዩ ለኢትዮጵያ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል።

እንባ ጠባቂ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመ፣ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሆነ ተቋም ነው። የአስተዳደር በደል አቤቱታን በነፃ ይቀበላል፤ በጽሑፍም በቃልም ይቀበላል። በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ግን አይነካም። ወደ እሱ ከመሄዳችሁ በፊት የበደላችሁን መሥሪያ ቤት ራሱን መጠየቃችሁን ማሳየት ይጠቅማል፤ ገቢ ቁጥሩ የሚያገለግለው ያን ጊዜ ነው። ተቋሙ መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ይሰጣል፤ እንደ ፍርድ ቤት አስገድዶ አያስፈጽምም። ይህ ድክመቱ ነው። ቢሆንም ለምክር ቤቱ የሚያቀርበው ሪፖርት ውስጥ ስሙ እንዲገባ የሚወድ ኃላፊ አይቼ አላውቅም።

የምክር ቤቱ ነገር ከተነሳ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን የሚከፈተው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው፤ የሚዘጋው ሰኔ 30። በክረምቱ ዕረፍት ተወካዮች የመረጣቸውን ሕዝብ የሚያገኙበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ በስብሰባ መካከል እጅ አውጥቶ ማማረር ብቻ ሳይሆን የአቤቱታውን ቅጂ ከነገቢ ቁጥሩ በእጃቸው መስጠት ይሻላል። ከስብሰባው በኋላ የተናገራችሁትን ሊረሱ ይችላሉ፤ ወረቀቱን ግን ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ሊወስዱት ይችላሉ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፤ «መልሱ አይሆንም ከሆነስ?» የሚለው። በጽሑፍ የመጣ «አይሆንም» ከዝምታ በብዙ ይሻላል። በፌዴራል መሥሪያ ቤቶችና በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋ አስተዳደሮች ላይ የሚሠራው የ2012ቱ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ፣ ቁጥር 1183፣ የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል። በዚሁ አዋጅ መሠረት ውሳኔውን በመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያም አልፎ በፍርድ ቤት ማስመርመር ይቻላል። ምክንያቱ «በጀት የለም» ከሆነ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ሳይዘጋ ትመለሳላችሁ። «ጉዳዩ የእኛ አይደለም» ከሆነ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ነግረዋችኋልና ወደዚያው ትወስዱታላችሁ። «ባለሙያው ተሳስቷል» ከሆነ ሌላ ባለሙያ እንዲመጣ ትጠይቃላችሁ። ምክንያት ሳይሰጥ ከተከለከላችሁ ደግሞ ምክንያት አለመሰጠቱ ራሱ አዲስ አቤቱታ ይሆናል፤ እሱንም በሁለት ቅጂ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን የወረዳ ምክር ቤት በጀት እንዴት እንደሚነበብ እንማማራለን።